ምን ዓይነት ቢጫ?

መጋረጃ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ አላለቀሰችም። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሰፈር ሰው ደግሞ ያወቀውን ይዞ አይተኛም። ገሚሱ «ልቧ ድንጋይ ነው» አለ። ገሚሱ «ቆይቶ ነው የሚወጣላት» ብሎ እንደ ዝናብ ጠበቃት። እሷ ድንጋይም አልሆነች፣ አልዘነበችም። ጠዋት ሱቋን ትከፍታለች፣ የሰው መስኮት ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀመቅማለች፣ ሲመሽ ቆልፋ ትገባለች። የባሏን ልብስ አጣጥፋ ለሰው ስትሰጥ እንኳ፣ ያን ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበትን፣ ከመንገድ ማዶ ሰው የሚጠራ ሹራቡን ሳይቀር፣ የደንበኛ ጨርቅ የምታስረክብ ነበር የምትመስለው። ምሳ ትበላለች፤ ምን በላሽ ብትሏት ግን አታስታውስም። በደመ ነፍስ መኖር ማለት ይኼ ነው።

ያን ሰሞን ያላስቸገረቻት አንድ ሰው ብትኖር ታይፒስቷ ናት። ታይፒስቷ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ቅጽል ስሟ ግን አብሯት ጡረታ አልወጣም። በደህናው ጊዜ ከአለቃዋ ጋር እየተከራከረች፣ ቁልፎቹን አንዴም ዝቅ ብላ ሳታይ ገጽ የምትሞላ ሴት ነበረች። «የዚች ሴት ዓይን ጣቷ ላይ ነው» ይሏት ነበር። ሁለቱ አንድ ግቢ ተከራይተው ከኖሩበት ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልተለያዩም። ባልየው በሞተ ጊዜ ሌላው ሁሉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ሲል፣ ታይፒስቷ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ ዝም አለች። አልቅሺም፣ አታልቅሺም አላለቻትም። መጋረጃ ሰፊዋ በዚያ ዓመት ከተደረገላት ነገር ሁሉ የምታስታውሰው ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ታይፒስቷ ቤት ትሄዳለች። ሻይ ይጠጣሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ትንሽ ያወራሉ፣ ብዙ ዝም ይላሉ። ታይፒስቷ ሁልጊዜ በዚያው ወንበር፣ መጋረጃ ሰፊዋም በዚያው ሶፋ ጫፍ።

ታዲያ በአንዱ እሁድ ታይፒስቷ ሻይዋን አስቀምጣ፣ «ልጄ ሊወስደኝ ነው» አለች።

«የት?»

«ወደ ቤቱ። ለአንድ ሳምንት ነው ይላል። እኔ ግን የወለድኩትን አላጣውም፤ ሊፈትነኝ ነው። አንድ ምክንያት ካገኘብኝ፣ ‹እማዬ ብቻሽን መኖር አልቻልሽም› ብሎ ይህን ቤት ሸጦ ጠቅልሎ ሊወስደኝ ነው። ሚስቱ ደግ ናት፣ ልጆቹም ነፍሴ ናቸው። ግን እዚያ እኔ ዕቃ ነኝ፤ ባስቀመጡኝ ቦታ የምቀመጥ ዕቃ። እዚህ ሰው ነኝ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ አለቀልኝ፣ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ቁልፏን አውጥታ በጓደኛዋ መዳፍ ላይ አስቀመጠች፤ መዳፏን መጀመሪያ በሌላው እጇ ዳብሳ አግኝታ። «አበቦቹን ውሃ አጠጪልኝ። ሌላ ምንም እንዳትነኪ። አደራ፣ ምንም።»

እንግዲህ ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ባደገችበት ቤት «አትቸገሩ» የሚል ሰው «ተቸገሩልኝ» ማለቱ ነው። «አይ፣ በቃኝ» ያለ ይጨመርለታል፤ «ምንም አታምጪ» ያለ ባዶ እጅ ቢመጡበት ይቀየማል። ስለዚህ «ምንም እንዳትነኪ» የሚለውን ስትሰማ የሰማችው ይሉኝታ ነው። ወዳጄ እንዳልደክም አዝናልኝ ነው ብላ አሰበች። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት እንዲሉ፣ ታይፒስቷ በሄደች ማግስት የውሃ ማጠጫውን ይዛ ገባችና ሳሎኑ መሃል ቆማ ዙሪያውን ተመለከተች።

ሳሎኑ በእርግጥ ግራ የገባው ሳሎን ነበር። ሶፋው ወለሉ መሃል ሰያፍ ቆሟል፤ አንዱ ጫፉ በሩን፣ አንዱ ጫፉ ኩሽናውን ያያል። የጫማ መደርደሪያው ከመግቢያው በስተግራ፣ ሰው ሲገባ እጁ በሚያርፍበት ቦታ ተደንቅሯል። ቡፌው ላይ የስኳሩ ቆርቆሮ በላስቲክ ታስሯል፤ የጨዉ ሁለት ላስቲክ አለው። ምንጣፉ ላይ ከበሩ እስከ ወንበሯ፣ ከወንበሯ እስከ ኩሽናው ድረስ ወፍራም ሲባጎ ተሰፍቶበታል፤ ስፌቱ ደግሞ የጀማሪ ነው። የግድግዳው ቀለም አርጅቷል። አምፖሉ ተቃጥሏል። ማብሪያውን ደጋግማ ተጫነችው፣ አልበራም። «አይ እቴ፣ ደርሶ የሚቀይርላት ሰው አጥታ ነው» አለች።

እናንተ ይሄኔ ገብቷችኋል። እሷ ግን አልገባትም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የሷ ልብ ፍርድ ቤቱን ከዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው። ያየችው የሰለቸ ክፍል ነበር። ልጅየው ቅዳሜ ሊመልሳት መጥቶ ይህን ጨለማና ይህን ዝብርቅርቅ ካየ፣ ያቺ የሚፈልጋት ምክንያት እጁ ገባች ማለት ነው። ይልቅ ብርሃን የሞላበት፣ የተስተካከለ ሳሎን ቢያይ ምን ይላል? ምንም። ይህ ነው ስጦታዬ፣ አለች ለራሷ። ባሏ ከሞተ ወዲህ «ላድርግ» ብላ ያሰበችው የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው።

ቀለም ቀቢውን ጠራችው። የሱቅ ጎረቤቷ ነው፤ አፉ ከብሩሹ የሚፈጥን ሰው። መሰላሉን ተክሎ ሳያበቃ፣ «ይቺ ሴትዮ ምነው መስተዋቷን ወደ ግድግዳ አዞረችው? ራሷን ጠልታ ነው?» አለ።

«አቧራ እንዳይነካው ይሆናል።»

«እኔ ሚስቴ መስተዋት ብታዞር ኖሮ በሰዓቱ ሥራ እገባ ነበር» ብሎ ራሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሳቅ እንደሚያስፈልግ ግን ስለታወቃት ከንፈሯን አነሳችለት።

ቀለም ቤት ገብታ ባለሱቁ የናሙናውን ካርድ ሲዘረጋላት ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች። «ይሄ።» «እርግጠኛ ነሽ? ብዙ ሰው አይደፍረውም» አላት። «ይሄ» አለች እንደገና። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እጇ ነው የመረጠው።

ቀቢው ግድግዳውን ሲፈገፍግና ሲቀባ፣ እሷ ከሱቋ የቀረ ነጭ ጨርቅ አምጥታ እስከ ወለል የሚደርስ መጋረጃ ሰፋች። ለሶፋው ልብስ ሰፋችለት። ሶፋውን ጎትታ መስኮቱ ሥር ቀጥ አድርጋ አስጠጋችው። መደርደሪያውን ወደ ጓዳ አስገባችው። የታይፒስቷን ወንበር ብርሃን እንድታገኝ ብላ ወደ ማዶው ጥግ ወሰደችው፤ ትንሿን ጠረጴዛ መሃል ላይ አኖረቻት። ላስቲኮቹን ፈትታ ጣለች። አምፖል ገዛች፣ ያውም ትልቁን። በመጨረሻ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ያን አስቀያሚ ሲባጎ በመቀሷ አንድ በአንድ ተረተረችው። ስፌት የሚያውቅ ሰው እጅ ሥር ገብቶ ሲባጎው አንድ ክር እንኳ ሳይጎትት ወጣ። አንከባለለችና ኪሷ ከተተችው።

ቀቢው ከመሰላሉ ወርዶ እጁን እየጠረገ፣ «በቃ፣ ይሄ አሁን ቤት ሆነ» አለ። መጋረጃ ሰፊዋ አየችው። ጥሩ ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ አልደረሰም። ለምዳዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪና በር ላይ ቆመ። ታይፒስቷ የግቢውን በር ራሷ ከፍታ፣ በአበቦቹ መሃል ያለውን የድንጋይ መንገድ እንደ ኮረዳ ቀጥ ብላ መጣች። ልጇ፣ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው፣ ሻንጣዋን ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ደፉ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋ ቀደማት።

«ምንድነው የሚሸተው?»

ግራ እጇን ሰደድ አደረገች፤ የጫማ መደርደሪያውን ልትይዝ። መደርደሪያው የለም። እጇ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ወደ ግራ ፈለገ፣ ትንሽ ወደ ታች ፈለገ። ከዚያ እግሯን አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ አሸት አደረገች፣ ሲባጎውን ፍለጋ።

«አለሽ?» አለች።

መጋረጃ ሰፊዋ ፊት ለፊቷ ቆማለች፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካታለች።

ያን ጊዜ ገባት። አልደነገጠችም፤ ብትደነግጥ ይሻል ነበር። ላስቲኩ፣ ሲባጎው፣ የዞረው መስተዋት፣ ማንም ያልቀየረው አምፖል፣ ቁልፍ ስትሰጣት መዳፏን የዳበሰው እጅ፣ ሁሉም የአንድ ጨርቅ ሁለት ጠርዝ ሲጋጠም እንደሚሆነው ዝም ብለው ገጠሙ። ጓደኛዋ አታይም። የማታየውም ዛሬ አይደለም። ልጁ ሻንጣውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ብሏል፤ ቀና ካለ ያቺን አየር ላይ የቀረች እጅ ያያል።

«ቁሚ!» ብላ ጮኸች። «እንዳትገቢ! ዓይንሽን ጨፍኚ!»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ስጦታ አለሽ፤ ሳልነግርሽ እንዳታዪ!» በአንድ እርምጃ ከኋላዋ ዞራ መዳፏን ዓይኖቿ ላይ ከደነች፤ በሌላው እጇ ያቺን የጠፋች እጅ ያዘቻት። ከመዳፏ ሥር የታይፒስቷ ሽፋሽፍት እንደተያዘች ወፍ ይርገበገባል።

ልጅየው ቀና ብሎ ሳሎኑን አየና፣ «ኧረ እትዬ!» አለ። «ምን ጉድ ነው የሠሩት? ይሄ የእኛ ቤት ነው?»

«አንተ ዝም በል፤ መጀመሪያ እሷ ነች የምታየው።»

ታይፒስቷ በጥርሷ መሃል፣ «ምን አደረግሽኝ?» አለች።

«ዝም በይና ተከተዪኝ» አለቻት በጆሮዋ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንደ ገበያ ዕቃ ሻጭ መዘርዘር ጀመረች። «መግቢያው ባዶ ነው፣ ልቅ ነው፣ በነፃነት ትራመጃለሽ! አሁን ወደ ቀኝ። ይቺ ጠረጴዛሽ ናት፣ መሃል ላይ መጥታለች፣ ጉልበትሽን ጠብቂ። ሶፋው መስኮቱ ሥር ገብቷል፤ ንኪው፣ አዲስ ልብስ ለብሷል። መጋረጃው ነጭ ነው፣ የራሴ እጅ ሥራ፣ እስከ ወለል። ግድግዳው ቢጫ ነው፣ ቢጫ! ወንበርሽ እዚህ፣ ጥጉ ጋ፤ ቁጭ በይ።»

ታይፒስቷ በእጇ እየዳሰሰች፣ እያንዳንዱን እየሰማች ሄደች። ልጅየው ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃቸዋል፤ ሲስቅ ይሰማል። ወንበሩ ጋ ስትደርስ መጋረጃ ሰፊዋ ትከሻዋን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻትና መዳፏን አነሳች። «ክፈቺ።»

ታይፒስቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አደረገች።

«ውይ!» አለች ታይፒስቷ። «ውይ፣ ውይ! ምነው ይህን ሁሉ! ምን በወጣሽ!»

«እማዬ፣ ከሁሉ የቱን ወደድሽ?»

«ቢጫውን ነዋ። ቢጫ ደፍሬ አላውቅም።»

ልጁ ስልኩን አስጠጋላት። «ፊትሽን እዪው እስቲ፣ እንዴት እንደሆንሽ።»

«በል ሂድ፤ መነጽሬን ሳላደርግ ምኑን ልየው? ላክልኝ፣ ቀስ ብዬ አየዋለሁ።»

ሻይ ጠጥቶ ሊሄድ ሲነሳ ደፉ ላይ ቆም አለ። «እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፣ ዛሬ ስለ ቤቱ ላነጋግርሽ ነበር። እኛ ጋ ሳምንቱን ሙሉ ከወንበር አልተነሳሽም፤ ጉልበቴን ነው ትያለሽ፣ እኔ ግን ሰጋሁ። እዚህ ግቢ ስትገቢ ግን መሮጥ ብቻ ነበር የቀረሽ። ይሁን፣ ለጊዜው ይቆይ። እትዬም አሉሽ።» ከዚያ ወደ መጋረጃ ሰፊዋ ዞሮ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እጅ ነሳት። ምስጋናው እንደ ሰው ኮት ሰፋት።

የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ሁለቱም አልተነቃነቁም።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ማን ንኪ አለሽ?» ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። «ማን ንኪ አለሽ? የታይፕ ፊደል ቦታውን ሲቀይር አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳላይ የጻፍኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፊደሉ ባስቀመጡት ቦታ ስለሚቆይ ነው። ይህን ሳሎን እንደዚያ ነው የደረደርኩት። ገና ትንሽ ትንሽ ሲታየኝ ጀምሬ፣ ሲጨልም እንዲያገለግለኝ። አንቺ በአንድ ሳምንት በተንሽው። እጄን ይዞ መኪና ውስጥ መልሶ ሊከተኝ ነበር እኮ!»

መጋረጃ ሰፊዋ ቆማ ሰማች። «መቼ ነው የጀመረሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ባልሽ ሊሞት ሰሞን። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ የሄደው አይመለስም፣ የሚቀርሽ ብርሃንና ጥላ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ እንዴት ልንገርሽ? የራስሽ መች አነሰሽ። ይለፍላት አልኩ። ከዚያ ደግሞ…» አቋረጠች። «ከዚያ ደግሞ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። እሁድ እሁድ ፊት ለፊቴ ትቀመጪያለሽ። ሻይ ከስኒው ውጪ ስቀዳ አጠገቤ ነበርሽ። ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ ዛሬ ትጠይቀኛለች ስል ዓመቱ ሄደ።»

«አላየሁም» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ከዚህ ሌላ እውነት አልነበራትም። ማፈር እንዳለባት አወቀች፤ ኀፍረቱ ከሩቅ ይታያታል፣ አይደርስባትም።

ታይፒስቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «አውቃለሁ። እኔም አላይ፣ አንቺም አታዪ። እንዲህ ነው ጓደኛ መምረጥ!» ብላ ሳትፈልግ ሳቀች። ስትስቅ ንዴቷ ላላ። «በይ ተነሽ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሶፋዬን መልሺ።»

«ለልጅሽስ?»

«እነግረዋለሁ። እዚሁ ቤቴ፣ ሻይ ቀድቼ አስቀርቤለት ነው የምነግረው። ወንበር አደናቅፎኝ ሲያነሳኝ አይደለም።»

ከዚያ እስኪመሽ ሳሎኑን ወደ ነበረበት ሲመልሱ ቆዩ። ታይፒስቷ በሩ ጋ ቆማ እንደ ትራፊክ ታዝዛለች። «ወደ እኔ ሳቢው። በዛ። ወደ ሰያፉ፣ ወደ ሰያፉ! አሁን ቁሚ፣ ልለፍበት።» ታልፍበታለች፣ ዳሌዋ ጫፉን ሲነካ «እሱ ነው» ትላለች። መደርደሪያው ከጓዳ ወጣ። ላስቲክ ከየት ይምጣ ሲባል መጋረጃ ሰፊዋ የፀጉር ማሰሪያዋን ፈትታ ስኳሩን አሰረችበት፤ ለጨዉ ከሱቋ ሁለት አመጣች። አምፖሉን ላውልቀው ስትል ታይፒስቷ ከለከለቻት። «እሱ ይቆይ። ሲበራ ይታወቀኛል።»

የቀረው ሲባጎው ነበር። ከኪሷ አወጣችው፣ ተንበርክካ ጫፉን በሩ ጋ ያዘችና መስፋት ጀመረች። በዚህ ጊዜ ስፌቱ የባለሙያ ነው፤ ሰው እንኳን በእግሩ በጣቱ ቢስበው አይነቀልም። ታይፒስቷ ወንበሯ በቦታው ስለሆነ እግሯን ዘርግታ ትሰማታለች፤ መርፌው ምንጣፉን ሲበሳ ጠቅ ጠቅ የሚለውን።

«ቢጫ ነው አልሽኝ?»

«ቢጫ ነው።»

«ምን ዓይነት ቢጫ?»

«ቢጫ ነዋ። እንደ ማንኛውም ቢጫ።»

«እንደዚያማ አይሆንም። ሶፋውን መለስሽ፣ ወንበሩን መለስሽ፤ ከስጦታዬ የተረፈኝ ግድግዳው ነው። እሱንም ‹ቢጫ ነዋ› ብለሽ ልትገላገዪኝ ነው? ንገሪኝ። የሎሚ ነው? የቅቤ ነው? የጫጩት ነው?»

መጋረጃ ሰፊዋ ከመርፌዋ ቀና አለች። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በነጩ መጋረጃ አልፋ ግድግዳው ላይ አርፋለች። ይህን ግድግዳ ሲፈገፈግ አይታዋለች፣ ሲቀባ አይታዋለች፣ ቆጥራ ተረክባዋለች። አሁን ግን ሌላ ሰው በእሷ ዓይን ሊያየው ስለሆነ በደንብ ማየት ነበረባት። አየችው።

«የሎሚ አይደለም» አለች። «ከሎሚ ይከብዳል። የቅቤም አይደለም። ደማቅ ነው፣ ግን አይጮህም… ይጮሃል እንጂ። ጥላው ጋ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ልክ እንደ…»

«እንደ ምን?»

«ሹራቡ ነው» አለች። «የሱ ሹራብ ነው።»

ታይፒስቷ ፊቷን ወደ ጓደኛዋ ድምፅ አዞረች። «ያ ክርኑ ላይ ቆዳ የለጠፍሽለት?»

«አዎ።»

«ያ ከመንገድ ማዶ ሲመጣ ‹ፀሐይ ወጣች› እያልኩ የማበሽቅበት?»

«አዎ። ሰጠሁት እኮ። አጣጥፌ ሰጠሁት።»

ታይፒስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ያን ሹራብ ዓይኗ ደህና እያለ ስንት ዓመት አይታዋለች።

«አየሁት» አለች። «ያምራል።»

መጋረጃ ሰፊዋ መርፌዋን ምንጣፉ ላይ ሰካችው፤ ከዚያ በኋላ መስፋት አልቻለችም። መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የሄደው፣ ድምጿ ተከተለ፤ ሰፈሩ ዓመት ሙሉ የጠበቀው መጣ፤ አሁን ግን ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። ታይፒስቷ ከወንበሯ ተነሳች። የተሰፋው ሲባጎ እስከ ጓደኛዋ ጉልበት ብቻ ነው የደረሰው፤ ከዚያ እስከ ወንበሯ ባዶ ምንጣፍ ነው። ድምጿን ተከትላ መጣች፣ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች፣ እጇን ፈልጋ ያዘች። አልቅሺም፣ አታልቅሺም አላለቻትም።